ዕቃ ሳያይ የሚሸጠው አጫራች

ጋሽ ሦስቴ የሟች ሚስቱን ሥዕል በገዛ አፉ ጠርቶ፣ በገዛ መዶሻው መትቶ፣ ለማያውቀው ሰው ሸጧል። ወሬውን ከሌላ ሰው ሰምታችሁት ከሆነ ሰውዬው ወይ ጨክኗል ወይ አእምሮውን ስቷል ብለዋችሁ ይሆናል። ሁለቱም ውሸት ነው። እኔ የጨረታ ቤቱ መዝገብ ያዥ ነበርኩ፤ ከእሱ መድረክ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። ነገሩን ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል፤ ራሴን ለማዳን ብዬ የማስቀረው ነገር የለኝም።

«ሦስቴ» ስሙ አይደለም። «አንዴ፣ ሁለቴ» ሲል እንደማንኛውም አጫራች ነው። «ሦስቴ» ላይ ሲደርስ ግን ቃሏን ይጎትታታል፣ ያስታምማታል፣ ተጫራቹ ሆዱ እስኪባባ ድረስ አይለቃትም። በዚያች ቃል ምክንያት ስንቱ ሳያስበው እጁን አንስቶ የማይፈልገውን ቁም ሳጥን ይዞ ቤቱ ገብቷል። ሠፈሩ በሙሉ ጋሽ ሦስቴ ይለዋል። ሚስቱ እንኳ ጠዋት ከአልጋ አልነሳ ሲላት፣ «ሦስቴ ሳልል ተነስ» ትለው ነበር።

ጨረታ ቤታችን ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም አዳራሽ ነው። ፊት ለፊት የእንጨት መድረክ አለ፤ ከዚያ ወዲህ መቶ ሃያ ተጣጣፊ ወንበር ተደርድሯል፣ ከመቶ ሃያው አሥሩ የሰው ሱሪ ይነክሳል። ከመድረኩ ኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ኋላ ዕቃ ቤቱ ነው። ሰው ሲሞት፣ ሲፋታ፣ ቤት ሲቀይር የሚተርፈው ሁሉ እዚያ ይመጣል። የግድግዳ ሰዓት፣ የሸክላ ማጫወቻ፣ የቴምብር አልበም፣ የወርቅ ቅብ ፍሬም ያላቸው ሥዕሎች፣ ክዳኑ የጠፋ የሻይ ማንቆርቆሪያ። ሁሉም ናፍታሊንና ቫርኒሽ ይሸታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ እኔም እሱኑ መሽተት ጀመርኩ፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው መስኮት ይከፍታል።

እሱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ተሸካሚ ሆኖ ነው እዚህ ቤት የገባው። አንድ ቅዳሜ የዚያን ጊዜው ሽማግሌ አጫራች ጉሮሮው መሃል ላይ ተዘጋ። ልጁ የትልቅ መስታወት አንድ ጫፍ ይዞ መድረኩ ላይ ቆሟል፤ አዳራሹ ሲያጉረመርም ጊዜ መስታወቱን እንደያዘ ጥሪውን ቀጠለና ሸጠው። ከዚያ በኋላ መስታወት አላሸከሙትም።

አንድ የሚኮራበት ነገር ነበረው። ዕቃ አያይም። የዝርዝሩን ወረቀት አያነብም፣ ሐሙስ ሐሙስ ለገዢዎች ዕቃው ሲታይ ወደ ሥራ አይመጣም፣ መጋረጃውን አልፎ አያውቅም። ዕቃ አይቶ ያደረ አጫራች አንዱን ይወዳል፣ ሌላውን ይንቃል፣ ድምፁም ያዳላል ይላል። እሱ ጨርቁ ሲገለጥ ከሕዝቡ እኩል ነው የሚያየው፤ የሚደነቀውም ከልቡ ነው። ዋጋ የምታወጣለትም ይህችው ነች፤ ሰው የእውነት መደነቅን ከፊት ያነብባል።

አንዳንዴ ግን ታዋርደዋለች። ካርዱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ የዕቃውን ትክክለኛ ስም መጻፍ አፍሬ «አበባ የተሳለበት፣ ባለ አንድ እጀታ ሸክላ» ብዬ ጻፍኩ። ጨርቁ ተገለጠ፤ እሱም በሙሉ ልብ፣ ይህን የመሰለ ዕቃ በቤተሰብ ገበታ መሃል ቢቀመጥ ቤቱን እንዴት እንደሚያሳምረው መናገር ጀመረ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፖፖ ነበር። ሚስቱ ይህን ከሰማች ወዲህ ሾርባ ባቀረበች ቁጥር ጎድጓዳውን ሳህን አንስታ በደንብ ታሳየው ነበር።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ዕቃው በጨርቅ ተሸፍኖ መድረክ ላይ ይወጣል። እሱ ካርዱን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ጨርቁ ይገለጣል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «መዝገቡ ደህና ነው?» ይለኛል። የሻጩን ስም የምናውቀው እኔና ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነን፤ ስም ማውጣት ከሥራ ያባርራል። ወረቀቱ የተሟላ፣ ዕቃው ጠብ የሌለበት ከሆነ «ደህና ነው» እላለሁ፤ ጨረታው ይጀመራል። «አይደለም» ካልኩ ደግሞ ማንም ምክንያት አይጠይቀኝም፤ ጨርቁ ይመለሳል፣ ዕቃውም ወደ መጣበት ይሄዳል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አራት ጊዜ «አይደለም» ብያለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ማስቆም እችል ነበር።

አሁን ወደ ሚስቱ ልምጣ። እትዬ እላት ነበር። ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ምሳዬን ያመላለሰችው እሷ ነች፤ ፀጉሬን ያበጠረችልኝም እሷ ነች። እናትም እህትም አልነበረኝም። ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ቤቴ ሆነ፤ ጋሼም «እህት ዓለም» እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ አንዲቷ ልጃቸውም አክስቴ ትለኛለች።

ከነሱ በላይ ባለው ፎቅ አንድ ሠዓሊ ይኖር ነበር። ኮቱ ክርኑ ላይ ተቀዶ ሲወጣ ሲወርድ አይታ አላስችል አላትና «አምጣው ልጣፍልህ» አለችው። እሷ መስኮት ዳር ተቀምጣ ኮቱን ስትጥፍ እሱ ደግሞ ሳላት። አንድ ቅንድቧ ከፍ ብሏል፤ ልትናገር አፏን ልትከፍት ስትል ነው የያዛት። ሥዕሉን ሲሰጣት «አፍንጫዬን አስረዘምከው» ብላ አኩርፋው ነበር። አላስረዘመውም፤ አፍንጫዋ እንደዚያው ነበር።

ከሞተች አራት ዓመት አልፏታል። ፎቶግራፎቿ ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ነው፤ ካሜራ ፊት ዓይኗ አይቆምላትም ነበር። ዓይኗን ገልጣ ያለችው እዚያ ሸራ ላይ ብቻ ነው። ጋሼ በየጠዋቱ ፊቱን ታጥቦ ከፊቷ ይቆምና የትናንቱን ጨረታ ይነግራታል፤ ማን ምን እንደገዛ፣ ማን በማን እንደተናደደ። ይህን ራሱ ነው ያጫወተኝ፣ ትንሽ እያፈረ።

ሠዓሊው ከሞተ በኋላ ስሙ ተነሳ። ጋዜጦች ጻፉለት፣ ሥዕሎቹ ይፈለጉ ጀመር፣ ጥሩ ኮት የለበሱ ሰዎች የጋሼን በር ማንኳኳት ጀመሩ። እሱም ሻይ አጠጥቶ ይሸኛቸዋል፤ «የእኔ ሥራ የሰው ዕቃ መሸጥ ነው፣ የራሴን አልሸጥም» ይላቸዋል።

ልጅቱ ከባሏ ተለያይታ ሁለት ልጆች ይዛ አባቷ ቤት ገብታ ነበር። እጇ የእናቷ እጅ ነው፤ ልብስ ትሰፋለች፣ የራሷን ስፌት ቤት መክፈት ትመኛለች። ሥዕሉን እንሽጠው ብላ ሁለት ጊዜ ለምናው ሁለት ጊዜ እምቢ ብሏታል። ክፉ ልጅ ናት አልልም። ሰው እምቢ ሲባል ሌላ በር ይፈልጋል፤ እሷም አገኘች። እናቷ ስትሞት «የእናቷን ልብስና ዕቃ ሁሉ ልጄ ትውሰድ» ብሎ ጋሼ ራሱ የፈረመው ወረቀት ነበር። ሥዕሉን ሠዓሊው የሰጠው ለእናቷ ነው። ጋሼ ሲፈርም ነጠላና ቀለበት እንጂ ያ ግድግዳ ላይ ያለው ነገር አልታየውም።

አንድ ሰኞ ጠዋት በአንሶላ ጠቅልላው መጣች። አንሶላውን ሳትፈታው አወቅኩት።

«አክስቴ፣ አባዬ እንዳይሰማ» አለችኝ። «ፍሬሙን ላሠራ ነው ብዬ ነው ያወጣሁት። እሱ በማይገባበት ቀን ይሸጥልኝ።»

ምን ብለሽ ልትመልሺለት ነው አልኳት። ከተሸጠ በኋላ ቁጭ ብላ እንደምትነግረው፣ ከሆነ በኋላ ደግሞ እንደሚቀበለው ነገረችኝ። ወረቀቱን አየሁት፤ አንድ ጉድለት የለበትም። መዝገቡን ከፈትኩና ጻፍኩ። ሻጩ በማንም እንዳይታወቅ ካርዱ ላይ የሴትየዋ ስም መቅረት ነበረበት። ስለዚህ በራሴ እጅ፣ ባማረው ጽሕፈቴ፣ «ማንነቷ ያልታወቀ ሴት» ብዬ ጻፍኩ። ፀጉሬን ያበጠረችልኝን ሴት። ሥራ ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሥዕሉ መጋረጃው ኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። ጋሼ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጦ ለብ ያለ ውሃውን እየጠጣ ስለ ፍሬም ሠሪው ያማርረኛል። በመሃላቸው አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ፍሬም እየሠራ ነው ወይስ ዛፉን እያበቀለ ነው?» አለኝ አንድ ቀን። «እህት ዓለም፣ እኔ እኮ ይኸውልሽ ጠዋት ጠዋት ከሚስማሩ ጋር ማውራት ጀምሬያለሁ። ትናንት ልጄ ሰማችኝና ከክፍሉ ወጥታ ሄደች።»

ሳቅኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አብሬው ሳቅኩ። ይደርሳል፣ ጥሩ ሠራተኛ ስለሆነ ነው የዘገየው አልኩት። እንዲህ ማለት ግዴታዬ አልነበረም፤ ዝም ማለት እችል ነበር። ስም አታውጪ የሚል ሕግ አለ እንጂ ዋሽተሽ አጽናኚ የሚል ሕግ የለም።

ሥዕሉ የተያዘው ጋሼ ለሚያርፍበት ቅዳሜ ነበር፤ በዚያ ቀን የሚጠራው ተተኪው ነው። ረቡዕ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና ወደ ጋሼ ቀን አዛወርኩት አለኝ። ሥራ አስኪያጃችን ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ክፍል የሚገባ ሰው ነው። ይህን የመሰለ ሥዕል ለዚያ አፉ ለተሳሰረ ልጅ አልሰጥም አለ፤ እንዲህ ያለ ዋጋ የሚያወጣው የሽማግሌው ድምፅ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሚስቱ እኮ ናት አልኩት። ያውቃል። ሰውዬው ዕቃ እንደማያይ፣ ካየም ባለሙያ ስለሆነ ሥራውን እንደሚሠራ ነገረኝ። ከዚያ፣ ጡረታሽ ስንት ቀረው ሲል ጠየቀኝ። ሁለት ዓመት አልኩት። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ሕግ ሕግ እያልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን አታልያለሁ። እውነቱ ፈርቼ ነው። ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን ነበረኝ፤ ቤቱ ከቤቴ ሁለት ፌርማታ ነው። አልሄድኩም። ለልጅቱም ቀኑ ተቀየረ ብዬ አልደወልኩላትም፤ እንዳይሸጥ ብላ ታስቀረው ይሆናል፣ ሥራ አስኪያጁም ከእኔ ይጠይቃል ብዬ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ፤ የሚነክሱት ወንበሮች እንኳ ሰው አገኙ። ጋሼ ፂሙን ተላጭቶ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ደስ ብሎት መጣ። ሰው ሲበዛ ደስ ይለዋል። የሸክላ ማጫወቻውን፣ የሳንቲም ስብስቡን፣ አንድ እግሩ የተጠገነ ጠረጴዛ ሸጠ። ከዚያ ተሸካሚዎቹ ቁጥር አርባ ሰባትን ተሸፍኖ ይዘው ወጡ። ተሸካሚዎቹ ምንም አያውቁም፤ ሴትየዋን በአካል የምናውቃት እኔና እሱ ብቻ ነን።

ካርዱን አነሳና መነጽሩን ገፍቶ አነበበ። «ማንነቷ ያልታወቀ ሴት፣ በመስኮት ዳር። የዘይት ቀለም በሸራ ላይ።» የሠዓሊውን ስም ሲያነብ ፊቱ በራ፤ ካርዱን ዝቅ አድርጎ ለሕዝቡ ይህ ሰው ጎረቤቴ ነበር፣ ኮቱን የጠገነችለት ባለቤቴ ነበረች ብሎ በኩራት ነገራቸው። ሰዉም ፈገግ አለ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ አጨበጨቡ። ከዚያ ጨርቁ ተገለጠ።

እየተደነቀ ሊናገር አፉን እንደከፈተ ቀረ። ጠረጴዛዬ ላይ አቀርቅሬ ነበር፤ ጥያቄው ሲዘገይብኝ ግን ቀና አልኩ። ሥዕሉን እያየ አልነበረም። ቀድሞ አይቶ ጨርሶ፣ ወደ እኔ ዞሮ ነበር።

«መዝገቡ ደህና ነው?» አለኝ።

ቀስ ብሎ ነው ያለው። አዳራሹ የተለመደውን ጥያቄ ሰማ። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ሰውየው በመቶ ሃያ ሰው ፊት እየለመነኝ ነበር። ይህ የእኔ ነው ቢል የልጁን ስም አንስቶ ሌባ ሊያሰኛት ነው፤ እንደማያደርገው አውቃለሁ፣ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። የቀረው አንድ መንገድ የእኔ አንድ ቃል ነበር። ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣምሮ ቆሞ ያየኛል።

«ደህና ነው» አልኩ።

ወረቀቱ እኮ ደህና ነበር።

ለአፍታ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። ከዚያ መዶሻውን አንስቶ ወደ ሕዝቡ ዞረና ጀመረ። ድምፁ አልተሰበረም። ዋጋው ከአንድ ግራጫ ኮት ከለበሰ ሰውና ስልክ ጆሮዋ ላይ ከያዘች ሴት መሃል ይመላለስ ገባ። ሴትየዋ በቃኝ ብላ አንገቷን ነቀነቀች፤ ግራጫ ኮቱ ብቻውን ቀረ። «አንዴ» አለ። «ሁለቴ» አለ። «ሦስቴ»ን ጀመራትና አልጨርስ አለ። ጎተታት፣ እንደገና ጎተታት፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ያዛት። ሰዉ የሙያው ጥበብ መሰለው። ስልክ የያዘችው ሴት አላስችል ብሏት እንደገና እጇን አነሳች፤ ሰውየውም መለሰላት፤ ዋጋው ወጣ። ሁለተኛም «ሦስቴ» ላይ ደረሰ፣ ሁለተኛም መልቀቅ አቃተው፣ ሁለተኛም ወጣ። ባልለቀቃት ቁጥር እያስወደዳት መሆኑን ሳየው ጠረጴዛዬ ሥር ገብቼ ብደበቅ በወደድኩ። ሥራ አስኪያጁ እጁን ፈቶ ያፋትግ ነበር። በሦስተኛው ማንም እጅ አላነሳም። መዶሻው ወረደ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዕቃ ሸጧል፤ በየአንዳንዱ ላይ መዝገቡ ደህና ነው ብሎ ጠይቆኛል፣ እኔም መልሻለሁ። ሲጨርስ ሰዉ ወንበሩን እያጠፈ ሲወጣ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ቢጮህ ኖሮ አለቅስ ነበር፣ ነገሩም እዚያው ላይ ይቀልልኝ ነበር።

«ልጄ ናት?» አለኝ።

አዎ አልኩት። ለምን ያህል ጊዜ እዚህ እንደቆየ ጠየቀኝ። ሦስት ሳምንት አልኩት። በጣቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ እየነካካ ትንሽ አሰበ።

«እንግዲያው ስለ ሚስማሩ ስነግርሽ እዚያ ኋላ ነበረች።»

«ነበረች ጋሼ» አልኩት። ከዚያ ወሬው ወደ አፌ ጎረፈ፤ የፈረመውን ወረቀት፣ ሥራ አስኪያጁን፣ ቀኑን መቀየሩን፣ ልጅቱም ብትሆን ስለ ልጆቿ ብላ እንጂ እንደማትጠላው፣ ይቅር እንዲላት። ለእሷ የማማልድ መስዬ ለራሴ ነበር የማማልደው። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ልጄ ልጄ ናት» አለ። «ዛሬ እቆጣታለሁ፣ ነገ ታለቅሳለች፣ ከነገ ወዲያ ልጆቿን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔው ነኝ። ወዴት እሄዳለሁ? አንቺን ግን እህት ያልኩሽ ወድጄ ነው። ማንም አላስገደደኝም።»

ኮቱን ለበሰና በፊት ለፊቱ በር ወጣ። መጋረጃውን ያን ቀንም አላለፈውም፤ ሥዕሉ ኋላ ለገዢው እየታሸገ ነበር። ሰኞ ሥራ መልቀቂያው በፖስታ መጣ፤ መዝገብ ላይ ያሰፈርኩትም እኔ ነኝ።

እንዳለውም ሆነ። ከልጁ ጋር አንድ ሳምንት እንኳ አልተኳረፉም ይባላል። ስፌት ቤቷ ተከፍቷል፤ እሱ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፣ የልጅ ልጆቹ ትከሻው ላይ ይወጣሉ። ግድግዳው ላይ ምን እንደተሰቀለ አላውቅም፤ ገብቼ አላየሁም። እኔም በሰላም ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚያ በኩል ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው፤ ካየኝ ግን አይዘጋኝም። ከወንበሩ ትንሽ ብድግ ብሎ፣ ኮፍያውን አንስቶ «እንደምን ዋሉ እመቤቴ» ይለኛል፤ ልብስ ልታሠራ ለመጣች ለማንኛዋም ሴት እንደሚለው።